አናማ የቆረጠችው እንሰት

አናማ ትባላለች። ዕድሜዋ ዐሥር ነበር። የተወለደችው ህንድ አገር፣ ወንዝና ሙዝ በሞላበት በኬራላ ነው። ይህ ታሪክ በሆነበት በ1961 ዓ.ም. ግን ቤቷ ቡታጅራ ነበር። አባቷ ሐኪም፣ እናቷ ነርስ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው በሽተኞችን እንዲያክሙ ልካቸው መጡ። መጀመሪያ አዲስ አበባ ተቀምጠው ስለነበር አናማ አማርኛ ታውቃለች። እሷም በአቅሟ ታገለግል ነበር። ፋሻ ታጥባለች፤ ለበሽተኞች ውሃ ታቀብላለች።

ልጆች፣ የቡታጅራን ጧት ላላያችሁ ልንገራችሁ። በበልግ ደመናው ከዘቢዳር ተራራ ይወርዳል። መጀመሪያ ተራራው ይጠፋል፣ ቀጥሎ ቤቶቹ ይጠፋሉ። በመጨረሻ የእንሰቱ ቅጠል ብቻ ከነጩ ጉም በላይ ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ ይታያል። እንሰት ሙዝ ይመስላል። ስለዚህ አናማ በመስኮት ስታይ አገሯ የተመለሰች ይመስላት ነበር። የወንዙን ድምፅ እንኳ የሰማች ይመስላት ነበር። ቡታጅራ ውስጥ ግን ያ ወንዝ የለም።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ከድጄ ይባላሉ። የወንድማቸው ልጅ ሰፍያ አብራቸው ትኖራለች። ሰፍያና አናማ እኩያ ናቸው፤ አብረው ይጫወታሉ፣ ይከራከራሉም።

“የዚህ ሙዝ ፍሬው የት አለ?” አለች አናማ አንድ ቀን።

“ሙዝ አይደለም አልኩሽ። እኛ የምንበላው ግንዱንና ሥሩን ነው። እሱንም ዓመታት ጠብቀን።”

“ፍሬ የሌለው ሙዝ ሰነፍ ነው።”

“ሰነፍስ ያንቺው፤ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥሎ የሚውለው።”

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሰፍያ ሳቋን ትታ አስጠነቀቀቻት። እንሰቱ የአክስቷ ነው፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ ማንም ቢላዋ አያነሳበትም፤ በተለይ በትንንሾቹ ላይ።

አናማ ሰማች። ግን ሙዝ አለመሆኑን አላመነችም። በአገሯ የሙዝ ግንድ ውስጡ ነጭ ልብ አለው። ያ ልብ ተከትፎ ይበላል። እናቷ ይህን ምግብ ከቀመሰች ቆይታለች፤ ይናፍቃታል። “ለሰንበት ባመጣላትስ?” አለች አናማ በልቧ። ልጆች፣ አሳቡ መልካም ነበር። መልካም አሳብ ግን የሰው ንብረት ለመንካት ፈቃድ አይሆንም።

ቅዳሜ ጧት ጉሙ ገና አልተነሣም። አናማ በአጥሩ ሾልካ ገባች። የወይዘሮ ከድጄ ቢላዋ ከደጁ ተሰክቶ ነበር፤ አነሣችው። ከጓሮው ዳር ያለውን ወጣት እንሰት መርጣ መሃሉን ከነቅጠሉ ቆረጠች። ጥቂት ቀመሰች። መራራ ነው፤ ምላስ ላይ ይጣበቃል። ሙዝ አልነበረም።

ደነገጠች። የቆረጠችውን ቅጠል መልሳ በቦታው አቆመችው። ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ቢላዋውን በቅጠሎቹ መሃል ደብቃ ሮጠች።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ከድጄ ቢላዋቸውን አጡ። ቤቱን ፈለጉ፣ ደጁን ፈለጉ። ሰፍያን ጠየቁ። ሰፍያ አላየሁም አለች። በቤቱ ያለው ቢላዋ እሱ ብቻ ነው። ያለ እሱ እንሰት አይሠራም።

“ለገበያተኛ ሰጥተሽዋል” አሏት።

“ወላሂ አክስቴ፣ አልነካሁትም።”

“ባለፈው እንስራውን ሰብረሽ ደበቅሽኝ። አሁንም ትዋሺኛለሽ። ሰኞ በሚያልፈው የጭነት መኪና ወደ አባትሽ ትመለሻለሽ።”

አናማ በአጥሩ ማዶ ፋሻ እያሰጣች ይህን ሁሉ ሰማች። የቀረውን ፋሻ ትታ ወደ ቤት ገባች።

እሑድ ቤተሰቡ ለጸሎት ተቀመጠ። ጉሙ ቤቱን ከቦ መስኮቱ ነጭ ሆኗል። አናማ ዐይኗን ጨፈነች። ቤታቸው በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ መሰላት። በውሃው ማዶ ሰፍያ የልብስ ጥቅልሏን ይዛ ቆማለች። አናማ ልትጠራት ፈለገች፤ ውሃው ግን እየሰፋ ሄደ። ዐይኗን ስትገልጥ አባቷ ጸሎቱን ጨርሶ ያያታል። እዚያው ሁሉንም ነገረችው።

አባቷ አልተቆጣም። “ለእኔ ብቻ ብትነግሪ ሰፍያ ከመሄድ አትድንም” አላት። “መናገር ያለብሽ ለወይዘሮ ከድጄ ነው።”

አናማ ብቻዋን ሄደች። ሰፍያ ከደጁ ተቀምጣ ጥቅልሏን ታስራለች።

“እማማ ከድጄ፣ ቢላዋውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። እንሰትዎንም ቆርጫለሁ።”

ወይዘሮ ከድጄ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። “መቼ?”

“ትናንት ጧት።”

ፈጥነው ወደ ጓሮ ሄዱ፤ ልጆቹም ተከተሏቸው። ቢላዋው ከተደበቀበት ወጣ። የቆመው ቅጠል ሲነካ ወደቀ። ወይዘሮ ከድጄ ጎንበስ ብለው ቁስሉን አሸተቱ። ገና አልበሰበሰም።

እዚህ ላይ ስለ እንሰት አንድ እውነት ልንገራችሁ። የወጣት እንሰት ልቡ በወጉ ከወጣና ጉድጓዱ በአፈርና በፍግ ከተሞላ፣ ከሥሩ ብዙ ችግኝ ያበቅላል። ገበሬዎች ችግኝ የሚያገኙት እንዲህ ነው። ቁስሉ ተደብቆ ከሰነበተ ግን ይበሰብሳል።

ወይዘሮ ከድጄ ልቡን ፍቀው አወጡ። አናማ ፍግ ተሸከመች፤ ሰፍያ አፈር ሞላች። ሥራው ሲያልቅ ወይዘሮ ከድጄ የሰፍያን ጥቅልል ራሳቸው ፈቱት።

“በሐሰት ከሰስኩሽ” አሏት። “ይቅር በይኝ።”

ሰፍያ አክስቷን ይቅር አለች። አናማን ግን ወዲያው አልማረቻትም። እስከ ገበያ ቀን ድረስ አላናገረቻትም። ከዚያ በኋላ መጥታ፣ “ነይ፣ ሙዝሽን አጠጪ” አለቻት።

ዝናቡ ሲጠና ችግኙ ወጣ። ጥቂቱን ፍልፈል በላው። የቀረው አደገ።

ልጆች፣ ጥፋታችሁን ሳትደብቁ ቶሎ ለበደላችሁት ሰው ተናገሩ፤ በጊዜ የተናዘዙት በደል ይታረማል፣ የሸሸጉት ግን ሌላውንም ሰው ይጎዳል።