ያልተነካው ሽማግሌ

ስንዱ ከምሳ በፊት አንድ ወንዝ፣ ሁለት ድልድይና አንድ የከብት ገበያ ጠቅልላ ወደ ማርስ ላከች። እዚያ ባሉት የማዕድን ሠራተኞች ስልክ ላይ ያለው የአንድ የመንደር ጨዋታ መነሻ ብቻ ነው። የቀረው መንደር ከነድምፁ ከነሰዉ «ጥቅል» በሚባል ፋይል ታሽጎ ከሰመራ ጣቢያ ይወርድላቸዋል።

የመላኪያው መስመር ጠባብ ነው። ስለዚህ እንደ ስንዱ ያሉ ጥቅል አሻጊዎች ደንብ አላቸው፤ የተጫዋች ጣት ያልነካው ነገር ይቀነሳል። ስንዱም ባለፈው ሳምንት ጋሽ ድንበሩን ቀነሰች። በመንደሩ መግቢያ ድንጋይ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ለሚያልፈው ሁሉ «እንደምን ዋልክ?» ይላሉ፤ ሌላ ሥራ የላቸውም። ማንም ነክቷቸው አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ከማርስ የወንድሟ የይርዳው የድምፅ መልእክት መጣ።

«ስንዱዬ፣ ሽማግሌው የት ሄዱ? ከጉድጓድ ስወጣ ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?› የምለው ለእሳቸው ነበር። ሁላችንም እንደዚያው ነን። አሁን ከክፍሉ የማይወጣ ሰው በዝቷል። እኔም ዛሬ አልወጣሁም። እባክሽ መልሻቸው።»

ስንዱ ደነገጠች። የጨዋታው ቆጣሪ ጣትን እንጂ አፍን አይቆጥርም።

ወደ አለቃዋ ወደ ቀፀላ ሄደች።

«ሽማግሌውን ልመልስ።»

«አበድሽ እንዴ? ሲመሽ ፀሐይ በእኛና በማርስ መካከል ትገባለች፤ መስመሩ ለሁለት ሳምንት ይዘጋል። የቀረን ቦታ ያንድ ጥቅል ነው፤ እሱም የጨዋታው መጨረሻ፣ የድሉ ነው።»

«ድሉን እተወዋለሁ።»

«ሰው ዓመት ሙሉ የተጫወተው ለዘውዱ እኮ ነው! ድንጋይ ላይ ለተቀመጠ ሽማግሌ ብለሽ?»

«ወንድሜ ከክፍሉ አልወጣም፣ አለቃ።»

ቀፀላ ወንበሩን ለቀቀላት። ስንዱ የወርቁን በር፣ መለከቱንና ዘውዱን አውጥታ ሽማግሌውን አሸገች። ጥቅሉ እንደሄደ መስመሩ ተዘጋ።

ሁለቱን ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም። መስመሩ ሲከፈት ስለ ድሉ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። የይርዳው መልእክት ግን ነበር።

«መጡልን! ሁላችንም በየክፍላችን በር ዘግተን ሰላም አልናቸው። ደህና ናቸው። ሥራም ገብተናል።»

ቀፀላ ሳቀ። ስንዱ አልሳቀችም። መልእክቱን ደግማ ሰማችውና ወንድሟን ጠየቀችው።

«በግድግዳ የሚዋሰንህ ጎረቤትህ ማን ይባላል?»

መልሱ ዘግይቶ ደረሰ።

«እንጃ። ለምን?»