ከበረኛው ቀጥሎ

«ይሄ የኔ አይደለም፤ የኔ አስር ቁጥር ነው» አለ ጌዴዎን፣ የተወረወረለትን ማሊያ ሳይዘረጋው።

ወጣቱ አሰልጣኝ መምህር እንየው ፊሽካውን ከአንገቱ እያስተካከለ፣ «አስር ቁጥር የሚባል ቦታ ከዛሬ ጀምሮ የለንም» አለው። «መሀል ቆሞ ኳስ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ሰው አልፈልግም። አማካዮቼ ይሮጣሉ፣ ይነጥቃሉ። አሁን ጨዋታ የሚጀመረው ከኋላ ነው፤ ጥሩ እግር ያለው ልጅ እዚያ ያስፈልገኛል። ቀኝ ተከላካይ ነህ። ካልፈለግህ ማሊያውን ለተጠባባቂው ለፋሲካ ስጠው።»

ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የውጫሌ ሰው «አስሬ» እያለ የጠራውን ልጅ በአንድ ትንፋሽ ከቦታው አነሳው። አሰልጣኞች እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ሰውየውን አይነኩትም፣ የቆመበትን ቦታ ነው የሚሰርዙት።

በረኛው አብዱልጀባር ጓንቱን እየሳበ ተጠጋው። «አቦ ተቀበል! ከኔ አጠገብ ትሆናለህ። ስሰድብህ በደንብ ትሰማለህ።»

ጌዴዎን አልሳቀም። ማሊያውን እንደያዘ፣ ከሜዳው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ብቻውን ወደቆመው አባቱ ሄደ።

አባቱ አብተው በወጣትነቱ የቀበሌው ቡድን ሊብሮ ነበር፤ ከተከላካዮች ሁሉ ኋላ ቆሞ ያመለጠውን ኳስ የሚለቅም። አብተው ካለ አይታለፍም ይባልለት ነበር። ኋላ አዲስ አሰልጣኝ መጣና ተከላካዮች በአንድ መስመር ይቁሙ አለ። ሊብሮ ቀረ። «ግራ ተከላካይ ሁን» ሲሉት፣ ቡድኑ ከጨዋታ በፊት ለምርቃት ከሚቆምበት ሰልፍ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ተመለስ ያለው አንድ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ የሚያየው ከዚሁ ዛፍ ሥር ነው።

«ምን ሰጡህ?»

«ሁለት ቁጥር።»

አብተው ማሊያውን አየው እንጂ አልነካውም። «በል ደብተርህን ያዝና እንሂድ። ዛሬ እሺ ካልካቸው ነገ ውሃ አቀባይ ያደርጉሃል።»

«አባዬ፣ ያኔ ግራውን እሺ ብትላቸው ኖሮስ?»

አብተው ዓይኑን ወደ ሜዳው መለሰ።

«እንጃ» አለ። «አልሞከርኩትማ።»

ቡድኑን ሁልጊዜ የሚመርቁት ሽማግሌ፣ ሸህ ዘይኑልአቢዲን፣ ለምርቃት ተጣሩ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እጁን ዘርግቶ በየቦታው ተሰለፈ፤ በረኛው ፊት፣ ተከላካዮቹ ቀጥሎ፣ አጥቂዎቹ ከአስር ቁጥሩ ጋር መጨረሻ። ጌዴዎን ማሊያውን እያጠለቀ ሮጠ። እግሩ በልማዱ ወደ ሰልፉ ጫፍ ወሰደው። እዚያ ደርሶ ቆመ። ከዚያ በልጆቹ ሁሉ ፊት አልፎ ተመለሰና ከአብዱልጀባር ቀጥሎ ገባ። አብዱልጀባር ትንሽ ፈቀቅ አለለት።

«ሜዳው ይቅናችሁ! እግራችሁን እንቅፋት አይንካው!» አሉ ሸሁ።

ጌዴዎን ወደ ባሕር ዛፉ አልዞረም። «አሚን» ሲል ግን ድምፁን ከፍ አደረገ፤ እዚያ ድረስ እንዲሰማ።