ከጠረጴዛው ማዶ

ካላመናችሁ ተዉት። እኔ የሆነውን እናገራለሁ እንጂ ማንንም ለማሳመን አልለማመጥም።

ሆኗል። በጠራራ ፀሐይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሆኗል። ቦታው የገዛ ቤቴ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር፣ ያኔ የእኔ በነበረው የጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ።

ጨለማ አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ውሻ አላላዘነም። እንዲህ ያለ ጌጥ የሚያምረው ሰው ሌላ ታሪክ ይፈልግ።

ቁም ጸሐፊ ነኝ። በምስክር ወረቀቶች ላይ የሰዎችን ስም በእጄ እጽፋለሁ። የምጽፈውም ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ የቀለም ብዕር ብቻ ነው።

እስክሪብቶ ስለምትይዙት የምለው የለኝም። ማንኪያም ትይዛላችሁ።

የተራ ብዕር ጫፍ ድቡልቡል ነው። በየትም በኩል ቢጎትቱት መስመሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ልክ እንደ ባለቤቱ ሐሳብ። ጠፍጣፋው ግን ወደ ራስ ሲጎትቱት ይወፍራል፤ ወደ ጎን ሲያስኬዱት ይቀጥናል። ከወረቀቱ ተነሥቶ በሚለይበት ቦታ ደግሞ ቀለሙ ጥቂት ይጠራቀማል።

ስለዚህ የሚያውቅ ዓይን ፊደሉን ብቻ አይቶ፣ ጸሐፊው ከወረቀቱ በየት በኩል እንደተቀመጠ ይናገራል።

ይህን ያዙልኝ። መከራዬ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

እነዚህን ብዕሮች እሰበስባለሁ። የሚሰበስቡ ሌሎችም አሉ፤ አንዱ የእህቴ ባል ነው፣ የጥርስ ሐኪሙ። በከፋይ በተለበጠ ሣጥን ደርድሮ ለእንግዳ ያሳያቸዋል። ጻፍ ሲሉት ስሙን ይጽፋል። ሌላ ብዕር አንሥቶ... አሁንም ስሙን ይጽፋል። ከስሙ ሌላ ለዓለም የሚለው ነገር የለውማ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ከሁሉ አብልጬ የምንቀው ግን ዶማን ነበር።

ዶማ ያልኩት እኔ ነኝ። ስሙ ስለሠመረለት ሰው ሁሉ ወረሰው። በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቢሮ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ዕድሜያችንን ጻፍን። ሲጽፍ ይተነፍሳል። ከአፍንጫው፣ በረዥሙ፣ እንደ በሬ። ፊደሉ ጉልበት እንጂ ጠባይ አልነበረውም።

ብዕሩ ግን...

ብዕሩ ጥቁር ነበር፤ ወፍራም፣ ጫፉ ሰፊ፣ ሲያዩት እጅን የሚያሳክክ። እንዲያ ያለ ብዕር በእንዲያ ያለ እጅ! ማንንም አያስነካም ነበር። እኔም ነክቼው አላውቅም። ማየት ግን አየሁት፤ ዕድሜዬን ሙሉ፣ ከማዶ ሆኜ።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲው አዲስ አዳራሽ ሠራ። ተመራቂዎች ቆመው የሚገቡት መሐላ፣ በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ በአንድ ሰው እጅ ተጽፎ፣ በመስታወት ተሸፍኖ ከመግቢያው ላይ እንዲሰቀል ተወሰነ። ከመሐላው ሥር የጸሐፊው ስም ይሰፍራል።

የእኛ ሙያ ሰው ይህን የሚያገኘው ካገኘ አንድ ጊዜ ነው። የምስክር ወረቀቱን አይቶ «ይህን ማን ጻፈው?» የሚል ተመራቂ የለም፤ የራሱን ስም አይቶ ይጠግባል። መሐላውን ግን ትውልድ ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል። እኔ ከዚህ ሌላ ከዚህ ዓለም የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ለዶማ ሰጡት።

አንድ ፊደል ሳይጽፍ ሞተ። ሥራው ወደ እኔ መጣ። አለቀስኩ ብል እዋሻለሁ።

ቤተሰቡን ላጽናና ስሄድ ሚስቱ ደጃፍ ላይ ጠበቀችኝ። ብዕሩን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛለች።

«ውሰደው» አለች፣ በሹክሹክታ። «እዚህ እንዲያድር አልፈልግም።»

«እትዬ፣ ኧረ እንዴት እንዲሁ...»

«ውሰደው አልኩህ። እሱን እያየህ ምራቅህን ስትውጥ ነው የኖርከው። ሟቹም ያውቅ ነበር።»

መሐረቡን ተቀበልኳት።

«ጫፉን ግን እንዳትስለው።»

ሣቄን ዋጥኩት። የሙያችን ወግ ነው፤ ጠፍጣፋ ጫፍ ብዙ ሲጽፍ በባለቤቱ አያያዝ ልክ እየተበላ ይሄዳል። ስለዚህ ብዕሩን የወረሰ ሰው በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት አሻሽቶ ለራሱ እጅ ያስማማዋል። ይህን ጀማሪም ያውቀዋል። እሷ ልታስተምረኝ ነው!

«ለምን አልስለውም?» አልኳት።

«ከተቀመጠበት አታስነሣው።»

«ማንን?»

ወደ ኋላዋ፣ ወደ ቤቱ ውስጥ አየች።

«ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል» አለችና በሩን ዘጋችው።

ቤቴ ገብቼ ሳልኩት።

የዶማን ዕድሜ ከጫፉ ላይ አሽቼ ጣልኩት። በማጉያ መነጽር ስመለከተው እንደ ምላጭ ቀጥ ብሏል። ብናኙን በትንፋሼ እፍ አልኩት። ጠረጴዛውን ተሻግሮ... ማዶ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አረፈ።

በማግስቱ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሙከራ ወረቀት የመሐላውን የመጀመሪያ መስመር ጻፍኩ። ብዕሩ ያለ ድምፅ ተንሸራተተ።

ያምር ነበር። ግን ደግሞ አንድ ነገር...

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከፊደሎቹ እግር ሥር መጠራቀም የነበረበት ቀለም፣ ከራሳቸው ላይ ተጠራቅሟል።

እኔ ከላይ ወደ ታች ነው የጻፍኩት። ቀለሙ ግን «ከታች ወደ ላይ» ይላል። እንዲህ የሚሆነው ጸሐፊው ከማዶ ተቀምጦ፣ መስመሩን ወደ ራሱ ሲጎትት ነው።

ቀና አልኩ።

ወንበሩ ባዶ ነው።

ጠረጴዛው ዘሞ ይሆናል ብዬ ክብ እርሳስ አጋድሜ ለቀቅኩት። አልተንከባለለም።

ባለቤቴ ሻይ ይዛ ገባች።

«አንተ ሰው፣ ጉንፋን ይዞሃል እንዴ?»

«ምን አገባው ጉንፋን?»

«ትንፋሽህ ከኮሪደሩ ይሰማላ! እንደ በሬ ነው የምትተነፍሰው።»

እኔ ስጽፍ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሃያ ዓመት አብራኝ ኖራ ይህን አታውቅም። ብርጭቆውን ተቀበልኩና ሸኘኋት።

በሚቀጥለው ጠዋት ብዕሩን አጥቤ፣ ቀለም ለውጬ፣ እንደገና ጻፍኩ።

አሁን ደግሞ ቀለሙ ከራስ ላይ ወርዷል። ደስ ሊለኝ ሲል... የፊደሎቹን ቋሚዎች አየሁ። መወፈር ሲገባቸው እንደ ክር ቀጥነዋል። መቅጠን የነበረባቸው አግዳሚዎች እንደ ገመድ ወፍረዋል።

እንዲህ የሚሆነው ጸሐፊው ከወረቀቱ ጎን ሲቀመጥ ነው።

ማዶ አይደለም ማለት ነው። ተነሥቷል።

እየዞረ ነው።

የግራ ጆሮዬን ሞቅ ያለ ነገር ነካው። ፀሐይ ነው አልኩ። መስኮቱ ግን በቀኜ ነበር።

የእህቴን ባል አስጠራሁት። ለምክር አይደለም፤ እሱን ምክር የሚጠይቅ የታመመ ጥርስ ብቻ ነው። ሌላ ዓይን ፈልጌ ነው። የእሱም ቢሆን ዓይን ነው።

ሁለቱን ወረቀቶች በማጉያ መነጽሩ አገላብጦ አየ።

«ጋሼ፣ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይሄ? አንዱን ማዶ ሆነህ፣ አንዱን ከጎን ሆነህ ነው የጻፍከው?»

«ከቦታዬ አልተነሣሁም።»

«ኧረ ተው! ደግሞም ያንተ እጅ አይደለም። የዶማ ነው።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት!»

«ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል አሉ። እኔ እንኳ ለየሁት እኮ።»

እኔ እንኳ አለ። ቢያንስ ራሱን ያውቃል።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ... ብዕሩን ለሴትዮዋ መልስላት።»

«ቀናህ?»

«እንዲያው ምን አለ ብትሰማኝ...»

«ጥርስህን ንቀል። ሂድ።»

ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ገለል ብሎ፣ ከግድግዳው ተጣብቆ፣ ለሰው እንደሚያሳልፍ ሁሉ መንገድ ለቀቀ። ከዚያ ወጣ።

ለማን እንዳሳለፈ አልጠየቅኩትም። እሱም ያወቀ አይመስለኝም።

«ሌላ ብዕር አታነሣም?» ትሉኝ ይሆናል። ብልጠታችሁ እዚህ ድረስ ነው። አነሣሁ። የራሴን፣ የመጀመሪያዬን፣ ከእጄ ጋር ያረጀውን አነሣሁ። ያው ነው። ቋሚው ክር፣ አግዳሚው ገመድ። በሦስተኛው ብዕርም ያው።

ነገሩ ከብዕር አልፏል። የሚፈልገው ወንበር ነው። ሥራውን አጣ፤ አሁን ዞሮ ዞሮ፣ ሥራው ያለበት ወንበር ላይ ሊቀመጥ ነው።

መፍራት ነበረብኝ። እኔ ግን ናቅኩት። በሕይወት ሳለ ያልፈራሁትን ሰው፣ ስለሞተ ልፍራው? ሞት ለማንም ሙያ አይጨምርም።

እናም አንድ ዘዴ መጣልኝ። እሱ ወደ እኔ ወንበር የሚመጣ ከሆነ፣ እኔ ለምን ከማዶ አልቀመጥም? ይቀመጥ! ባዶ ወንበር ሲያሞቅ ይዋል። እኔ በእሱ ቦታ ሆኜ መሐላውን ጨርሼ ስሜን እጽፍበታለሁ።

ጠዋት አራት ሰዓት። ፀሐዩ ጠረጴዛውን ሞልቶታል። ሰፊውን ወረቀት ወደ ራሴ አዙሬ ዘረጋሁት። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ ከማዶ ተቀመጥኩ። የዶማን ብዕር አነሣሁ።

ጻፍኩ።

እንደዚያ ጽፌ አላውቅም። ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን፣ ቀለሙ ከእግር ሥር እንደ ጤዛ። መስመር ተከትሎ መስመር ሄደ። «አየህ ዶማ?» አልኩት፣ በሹክሹክታ። «ወንበር ሰው አያደርግም።»

ትንፋሽም የለም። ጸጥታው ደስ አለኝ።

ከመሐላው መጨረሻ ስደርስ አንገቴን ላሳርፍ ቀና አልኩ። ደግሞ ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ...

ማንበብ አቃተኝ።

ፊደሎቹ ተገልብጠዋል። ወረቀቱ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ አራቱም ማዕዘኖች እኔ ባደረግኳቸው ክብደቶች ሥር ናቸው። የመሐላው የመጀመሪያ መስመር ግን ከእኔ በኩል ነው፤ የመጨረሻው ከዚያ ማዶ። ሁሉም ፊደላት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ወደ ቀድሞ ወንበሬ ዞረዋል።

ከዚያ ሆኖ ለሚያያቸው፣ ትክክል ናቸው።

በሩ ተከፈተ። ባለቤቴ ሻይ ይዛ ገባች። በአጠገቤ አለፈች። ቀሚሷ ክንዴን ነካው።

ብርጭቆውን ከማዶ፣ ከባዶው ወንበር ፊት አስቀመጠችው። እጇን ከወንበሩ መደገፊያ በላይ... ትከሻ በሚሆንበት ቦታ ላይ አሳረፈች። እጇ አየር ላይ ቆመ። አልወደቀም።

«እንዴት ያምራል!» አለች። «ዛሬማ ራስህን ሆንክ።»

«እዚህ ነኝ» አልኩ።

ድምፄ እንደ ሹክሹክታ ወጣ።

ቀና ብላ አየችኝ። ደነገጠች፤ ወዲያው ደግሞ ድንጋጤዋን በጨዋነት ሸፈነችው። እጇን ከአየሩ ላይ አነሣች፤ የቀሚሷን አንገት አስተካከለች።

«ውይ፣ ይቅርታ... እንግዳ መኖሩን አላየሁም። ለእርስዎም ሻይ ላምጣልዎት?»

ስሟን ጠራሁት። ፈገግ አለች፤ ስሟን ከየት እንዳወቅኩት ግራ ገብቷት። ከዚያ ወደ ወንበሩ ጎንበስ ብላ፣ እኔ እንዳልሰማ አድርጋ ጠየቀች።

«ማን ናቸው?»

ምን ተብሎ እንደተመለሰላት አልሰማሁም። እሷ ግን ሰማች። አፏን በእጇ ይዛ፣ ሣቋን አፈነችው። ሰው በሰው ሲስቅ አውቃለሁ። ቅጽል ስም ሲወጣለትም አውቃለሁ።

እጄን አየሁ። ብዕሩ የለም።

ከመሐላው ሥር፣ የጸሐፊው ስም በሚሰፍርበት ቦታ፣ ቀለም ያብረቀርቃል። ተገልብጦ ስለሚታየኝ አንገቴን አጣምሜ አነበብኩት።

የእኔ ስም ነበር። የመጨረሻው ፊደል ገና እየተጻፈ ነበር።

«ስኳር ስንት ላድርግልዎት?» አለች ባለቤቴ።

እኔ የማየው ሻዩን ነበር። ከብርጭቆው የሚነሣው እንፋሎት ቀጥ ብሎ አልወጣም። ወደ ባዶው ወንበር ጎበጥ ብሎ ይሳባል... ደግሞ ተገፍቶ ይመለሳል።

ይሳባል... ይመለሳል።

በረዥሙ። እንደ በሬ።