አቤት ያላልኩበት አርብ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ በጂን፣ በቡዳ፣ በሙት መንፈስ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ኧረ እንዲያውም በሚያምኑት ላይ ሳሾፍ ነው የኖርኩት። ወደቡ ላይ አብሮኝ ጥበቃ የሚሠራ አንድ የአገሬ ልጅ «ከኮንቴይነሮቹ መሀል ሰው ሲያስነጥስ ሰማሁ፣ ሄጄ ባይ ማንም የለም» ብሎ ሲንቀጠቀጥ፣ ሳምንት ሙሉ ባገኘሁት ቁጥር «ይማርህ!» እያልኩ መሳቂያ አድርጌዋለሁ። እንግዲህ አሁን የምነግርህን ሰምተህ አንተም ብትስቅብኝ አልፈርድብህም። የሚያሳፍረኝ ያንተ ሳቅ አይደለም፣ ሌላ ነው፣ ትደርስበታለህ።

ክርያት ሐይም ነው የምኖረው፣ እዚህ አይሁድ አገር፣ ከእናቴ ጋር። ሰፈሩ የኮምፒውተር ሐኪም ይለኛል፣ ማንም አላስተማረኝም፣ እየነካካሁ ነው የለመድኩት፣ የሰርግ ካሴቱን ወደ ዲስክ ማስገልበጥ የፈለገ ሁሉ የኛን በር ነው የሚያንኳኳው። በዚያ ክረምት አዲስ ኮምፒውተር ገዛሁ፣ ዲስክ ላይ የሚጽፈውን ማቃጠያ ግን ከአሮጌው ፈትቼ ገጠምኩበት፣ «ደህና እየሠራ ምን ያስጥለዋል» ብዬ። ስስቴ ነው ጉድ የሠራኝ።

አባቴ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነበር፣ እሁድ ዘመድ ተሰብስቦ ሊያስባቸው ነበር። እናቴ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። በእህቴ በወርቄ ሰርግ ላይ አባቴ ተነሥተው ልጆቻቸውን በየስማችን መርቀው ነበር፣ ያንን በዘመድ ፊት እንዳሰማላት ፈለገች። ዓይኗን ስኳር አድክሞታል፣ ፎቶ ብትሰጣት አይታያትም። «ድምጣቸውን ብሰማ ይበቃኛል ልጄ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ምርቃቱን ሰምቼው አላውቅም፣ ሰርጉ ዕለት ውጭ የእንግዳ መኪና ሳስቆም አምልጦኛል። እና ሐሙስ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኩት፣ ድምፅ ማጉያው ገና ከካርቶኑ ስላልወጣ ምስሉን ብቻ እያየሁ። ልክ እንዳለቀ አሮጌው ማጫወቻ የካሴቱን ክር ጎርሶ በጣጠሰው። በዓለም ላይ የአባቴ ድምፅ የቀረው እዚያ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ የእናቴን ሰንበት ማወቅ አለብህ። ወላጆቼ ጎንደር ሳሉ ሰንበት የሚገባው እሳት ሁሉ ጠፍቶ ነው፣ ምግቡም ቀዝቅዞ ነው የሚበላው። እሷ እዚህ ስንት ዘመን ኖራም ጎረቤት ሁሉ ወጥ የሚያሞቅበትን የሰንበት ምድጃ «ያው እሳት አይደል እንዴ?» ብላ ቤቷ አላስገባችም፣ ፍሪጁን ብቻ ነው በግድ የተቀበለችው። አባቴም እንደሷ ነበሩ፣ አርብ ሲመሽ ከክፍል ክፍል እየዞሩ ስማችንን ይጠሩና «እሳት ጠፋ?» ይሉናል፣ እኛም «አቤት፣ ጠፍቷል» እንላለን። ለሳቸው አምፖሉም ኮምፒውተሩም እሳት ነው። በኛ ቤት አባት ጠርቶ ዝም ማለት ደግሞ፣ ከስድብ የከፋ ነው።

አርብ ከፈረቃ እንደገባሁ ዲስኩን አስጀመርኩት። ፀሐይ ገና ነበረች፣ ሻይ ሳይበርድ የሚያልቅ ሥራ ነው ብዬ ገላዬን ልታጠብ ገባሁ፣ ወጥቼ ባየው፣ ምን እላለሁ፣ ገና ምንም አልሄደም! ኮምፒውተሩም እንዳለ ፈዟል፣ የማውሱን ቀስት ወዲህ ስጎትተው ቆይቶ ቆይቶ ዘሎ ወዲያ ይገኛል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ማቃጠያው መረጃ የሚቀበልበት ሁለት መንገድ አለው፣ በፈጣኑ ራሱ ከማኅደሩ እየዛቀ ይወስዳል፣ በቀርፋፋው ግን የኮምፒውተሩ አንጎል ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ በእፍኝ በእፍኝ ሲያቀብለው ይውላል። ስህተት ሲደጋገምበት ዊንዶውስ ራሱ ወደ ቀርፋፋው ያወርደዋል፣ ካወረደው ደግሞ በራሱ አይመልሰውም። ማቃጠያው የተያያዘበትን መስመር ከዊንዶውሱ ላይ ሰርዘህ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ስታስነሣው ነው እንደ አዲስ አውቆት በፈጣኑ የሚሄደው። ቀላል ነበር፣ ግን በመሀል ባቋርጠው ያለችኝ አንዲት ቅጂ ትበላሽብኛለች ብዬ ፈራሁ፣ ትንሽ ልጠብቀው፣ ትንሽ ልጠብቀው ስል ፀሐይዋ ባሕር ገባች።

«ታከለ፣ ሁሉን አጠፋህ?» አለች እናቴ ከሳሎን።

«አዎ እማ፣ አጥፍቻለሁ።»

እንዲህ ነው ያልኳት። ነጠላዋን ተከናንባ ጨለማው ውስጥ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ከኔ አፍ የሚወጣውን ከማመን ሌላ ምን አላት? እኔ ሞኙ ደግሞ ብርሃኑ በበሩ ሥር እንዳይወጣ ፎጣ ወትፌ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጋቢ ጣል አድርጌ፣ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ቁጭ ብያለሁ።

አርብ ሲመሽ ባቡሩ ይቆማል፣ ሰፈሩ ጭጭ ይላል። ያን ጊዜ ነው የማቃጠያው ድምፅ ያስጨነቀኝ። እስከዚያ ድረስ እንደ ወትሮው ሲያሽከረክር ነበር፣ አሁን ግን ይቆምና ያዳምጣል ልበልህ፣ እንደገና ይነሣል፣ ይቆማል። ስንቱን ማሽን የፈታሁ ሰው ነኝ፣ እመነኝ፣ እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

«ምንድን ነው የሚያጉረመርመው?» አለች እናቴ።

«ፍሪጁ ነው እማ።»

ሁለተኛ ውሸት። ከዚያ ወዲያ አላስቻለኝም፣ የመጣው ይምጣ ብዬ፣ ሰንበት ከገባ በኋላ፣ በዚህ እጄ መስመሩን ሰረዝኩት፣ እንዲጠፋና እንዲነሣም አዘዝኩት። ስክሪኑ ጠፋ። ክፍሉ ድቅድቅ አለ። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ማቃጠያውም ፀጥ ማለት ነበረበት አይደል? አላለም፣ መዞሩን ቀጠለ። በዚያ መሀል አንድ ሰው «እህህ» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

አባቴ መናገር ሲጀምሩ እንዲያ ነበር የሚያደርጉት። ድምፅ ማጉያው ካርቶን ውስጥ ነው ብዬሃለሁ፣ ሬዲዮ የለም፣ የጎረቤት ድምፅም አይደለም፣ ከጋቢው ሥር ነው የመጣው። ከዚያ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ሳይቆጡ፣ ልክ አርብ አርብ እንደሚሉት፣

«ታከለ። እሳት ጠፋ?»

አቤት ልል ነበር፣ ወንድሜ፣ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ምን ብዬ? አቤት ካልኩ «ጠፍቷል» ልላቸው ነው፣ ለሞተ ሰው ልዋሽ ነው፣ አልጠፋም ካልኩ ደግሞ እናቴ ትሰማለች። ይህን እያሰብኩ ሳለ ከሳሎን የእናቴ ድምፅ መጣ፣ ምንም ሳትደነግጥ፣ ሰውዬው ጓዳ ያሉ ይመስል፣

«ታከለ፣ አባትህ እየጠሩህ ነው፣ አቤት በል እንጂ!»

እኔስ ምን አልኩ? ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በተሻለኝ።

«ማንም አልጠራኝም እማ፣ ፍሪጁ ነው።»

ማቃጠያው ቆመ። ኮምፒውተሩም አልተነሣም። እናቴ «ቤሰደር» አለች፣ «እሺ ይሁን» እንደማለት ነው፣ ይህችን የዕብራይስጥ ቃል የምትጠቀማት ከሰው ጋር መከራከር ስትሰለች ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም፣ በማግስቱም ቀኑን ሙሉ ወደዚያ ክፍል ዝር አላልኩም።

ሰንበት ሲወጣ በሩን ከፈትኩ። ጋቢው መሬት ወድቋል፣ የማቃጠያው መሳቢያ ወጥቶ ዲስኩ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ተቋርጦ የቀረ ዲስክ ለምንም እንደማይሆን አንተም ታውቃለህ፣ ይሄ ግን ከዳር እስከ ዳር ተጽፎበታል። ኮምፒውተሩን ሳስነሣው ማቃጠያው በፈጣኑ መንገድ ላይ ነው። ፋይሉም ደህና ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ በሩን መልሼ ዘጋሁት። «ደንግጬ ነው፣ ድካም ነው፣ የእናቴም ናፍቆት ነው» እያልኩ ራሴን ስሸነግል አደርኩ።

እሁድ ቤቱ በዘመድ ሞላ። ዲስኩን በቴሌቪዥኑ ከፈትኩት፣ አባቴ በሱፍ ልብሳቸው ተነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እናቴ ገና ሳይናገሩ ማልቀስ ጀመረች። ወርቄን መረቁ፣ «እንደ ሣራ ያርግሽ፣ ቤትሽ አይጉደል»፣ ቤቱ በአንድ አፍ «አሜን!» አለ። ባሏንም መረቁ፣ «አሜን!» ተባለ። ከዚያ አባቴ ወደ ካሜራው ዞሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እጃቸውን ዘርግተዋል። ድምፅ የለም፣ የሚሰማኝ ያ የሚሽከረከር ነገር ብቻ ነው፣ ይነሣል፣ ይቆማል። ዲስኩ እዚህ ጋ ተበላሽቷል ማለት ነው ብዬ በድንጋጤ ልነሣ ስል ዙሪያዬን አየሁ፣ ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ እኔን ያያል።

«ዳይ፣ ታከለ!» አለች ወርቄ፣ «በቃ» ማለቷ ነው፣ እዚህ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ እንዲህ ከዕብራይስጥ የተቀላቀለ ነው፣ «አባ እኮ አንተን ነው የሚመርቅህ፣ ምን ያስነሣሃል?»

«አሜን በል እንጂ ልጄ» አለች እናቴ፣ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ። «ስንቴ ልንገርህ?»

«አሜን» አልኩ። ላልሰማሁት ነገር፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። እንባዬ መጣ፣ እነሱ ናፍቆት መሰላቸው።

ጆሮዬን ተመርምሬያለሁ፣ ደህና ነው፣ ያችን ምርቃት ብቻ ነው የማልሰማው። ፋይሉን በኮምፒውተሩ ከፍቼ ድምፁን በሚያሳየው ሥዕል ላይ አይቻለሁ፣ እዚያ ቦታ ላይ መስመሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሰው ይናገራል። የጎረቤት ልጅ ጠርቼ አሰምቻለሁ፣ ሰምቶ «አሜን» ብሎኛል። ምን አሉ ብዬ ግን ማንንም አልጠየቅሁም፣ አባቱ ምን ብሎ እንደመረቀው ሰው ይጠይቃል እንዴ? ለእናቴም እውነቱን ልንገራት እልና አፌ አይፈታም።

እሷ አሁን አርብ አርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ዲስኩን ታስከፍተኛለች። አጠገቧ እቀመጣለሁ። ወርቄ ትመረቃለች፣ ባሏ ይመረቃል፣ ከዚያ የኔ ተራ ሲደርስ ቴሌቪዥኑን ትቼ የእናቴን አፍ ማየት እጀምራለሁ፣ ከንፈሯ ለአሜን ሲከፈት እኔም አብሬያት «አሜን» እላለሁ።