ገዱ ያመጣው ፐዝል

«ይኼ ሰማይ ነው ውሃ?» አለች የሃና እናት ታየች፣ ሰማያዊውን የፐዝል ቁራጭ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ።

ሃና ቁራጩን ሳታየው «ውሃ» አለቻት። ከአጎቷ ቤት ተመልሳ እናቷ ፊት ገና መቀመጧ ነበር። ወንፊት ልትዋስ ተልካ ባዶ እጇን መጥታለች።

«ወንፊቱስ?»

«ሰው ወስዶታል።»

ዋሸች። አጎቷ ዓለምነህ ግቢ ስትደርስ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ስለ ድንኳን ይነጋገሩ ነበር። ለምን እንደሆነ ስትጠይቅ ነገሯት። ወንድሟ ገዱ በረዳትነት የሚሠራበት ኢሱዙ ጠዋት ሊማሊሞ ላይ ገደል ገብቷል። ገዱ ሞቷል። አጎቷ ትከሻዋን ይዞ፣ «መርዶው ሲነጋጋ ነው የሚነገራት። እስከዚያ እናትሽ እንዳትሰማ፤ ደም ግፊቷን ታውቂያለሽ። ደግሞ ራቷን ትብላ፤ ነገ እህል አትቀምስም» አላት። ከዚያ ፊቷን አስታጥበው ወደ ቤት ላኳት።

ፐዝሉን ያመጣው ገዱ ነው። ስሜን ተራራ ላይ የቱሪስት በቅሎ ሲነዳ በነበረ ጊዜ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ሰጠችው። ካርቶኑ በሲባጎ የታሰረ፣ ከእሱም ከሃናም ዕድሜ የሚበልጥ አሮጌ ነገር ነው፤ ሐይቅ፣ ጥድ፣ በረዶ የለበሰ ተራራ። ታየች መጀመሪያ «ጤነኛ ሰው ደህናውን ሥዕል ቆራርጦ መልሶ ይገጥማል?» ብላ ስቃ ነበር። ውላ አድራ ግን ከልጆቿ ብሳ ፐዝሉ ከተዘረጋበት ጣውላ አልነሣ አለች። ገዱ «ሱሰኛ ሆነሽ ቀረሽ!» እያለ ሙድ ይይዝባታል።

«ሳይመጣ ጨርሰን ጉድ እናሰኘው» አለች አሁን። «ስልኩም ዝግ ነው። ሊማሊሞ ላይ ኔትወርክ መች አለ!»

«የለም» አለች ሃና።

ጎረቤታቸው ወለተ ሥላሴ በበሩ ብቅ አለች። ሌላ ጊዜ ግቢ ሳትባል ገብታ የምትቀመጥ ሴት፣ «እንደምን ዋላችሁ» ብላ ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች ሄደች።

«ምነው ዛሬ ሰዉ ሁሉ ይቸኩላል?» አለች ታየች። እጇ ቁራጩን እንደያዘ ቆመ። «አባቴ የሞተ ዕለት እንዲህ ነበር። እኔ ዳባት ሰርግ ቤት እጨፍራለሁ፤ ሰርገኛው በሙሉ ያውቃል። ጠዋት ይነገራት ብለው እያዩኝ ዝም አሉ። ሞቱንስ እግዜር ያመጣው ነው። ያ ጭፈራዬ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።» ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «እቴ፣ ምን አስታወሰኝ! በይ ያንን ጥግ አቀብዪኝ።»

ሃና ጥጉን አቀበለቻት። አጎቷ ክፉ አላሰበም፤ እናቷን ይወዳታል፣ ሽማግሌዎቹም ይወዷታል። ብትነግራትና ብትወድቅባትስ? ብቻዋን ምን ታደርጋለች? ባትነግራት ደግሞ ነገ እናቷ ይህን ምሽት ታስታውሳለች፤ ሐይቅ እየገጣጠመች ስትስቅ፣ ልጇ ሁሉን እያወቀች ፊት ለፊቷ ስትቀመጥ። ሃና አጎቷን ጠላችው፤ መልሳ ደግሞ አዘነችለት።

ተነሥታ ሽሮ አሞቀች። እናቷ በላች፣ «ትንሽ ጨምሪልኝ» አለች፣ ጨመረችላት። ከራቱ በኋላ ሃና የደም ግፊቱን ኪኒን አምጥታ በውሃ አስዋጠቻት።

«አንቺ ምን ሆነሻል ዛሬ? እጅሽ በረዶ ሆኗል።»

«ደህና ነኝ።»

«በይ ነይ፤ ሰማዩ ብቻ ነው የቀረን» አለች ታየች፣ ጣውላውን ወደ ራሷ እየሳበች።

ሃና ጣውላውን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው ገፋችው። በሩን ዘጋች። መጥታ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን ያዘች።

«እማዬ» አለች፤ «አጎቴ እንዳልነግርሽ ብሎኝ ነበር።»