ከዛፎቹ በላይ

«ወዴት ነው የምትሄዱት?» አሉ የተራራ ዕቃ የሚያከራዩት እትዬ ብላንካ።

ዞራ አፏን ከመክፈቷ በፊት ጓደኛዋ ቲቦር ቀደማት። «ፏፏቴው ድረስ ነው እትዬ። ጫካ ለጫካ።»

ውሸቱን ነው። የሚሄዱት ከጫካው በላይ፣ የዞራ አባት ምግብ ወደሚያበስልበት የተራራ ማረፊያ ነበር። ለገና እወርዳለሁ ብሏት ነበር፤ የሚተካው ሰው ስለታመመ ግን ሳይወርድ ቀረ። ማታ ማታ ይደውላል። ድምፁ ይመጣል፤ ካፖርቱ ላይ የሚቀረው የጭስ ሽታ ግን በስልክ አይመጣም።

እትዬ ብላንካ የዞራን ጫማ በእጃቸው አጠፍ አደረጉት። «ይሄ ለስላሳ ነው። በረዶ ላይ የሚያስረግጠው ትልቁ የብረት ጥፍር በእንዲህ ያለ ጫማ ላይ አይጸናም፤ መሀል መንገድ ወልቆ ጉድ ይሠራሻል። ለጫካ ይሄ ይበቃሻል» አሏትና በጎማ ከጫማ ላይ የሚጠለቅ፣ አጫጭር ጥርስ ያለው ሰንሰለት ሰጧት። ለቲቦርም እንደዚያው። «ከዛፎቹ በላይ ግን በዚህ እንዳትሞክሩት። እዚያ በረዶው መስታወት ነው።»

ዞራ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

በጫካው ውስጥ ሰንሰለቱ መሬቱን ነክሶ ያዘላት። ቲቦር ከኋላዋ ይቀልዳል። «አባትሽ ሲያይሽ ድስቱን ጥሎ ነው የሚሮጠው! ሾርባው ያርራል፣ እንግዶቹ ጾማቸውን ያድራሉ!» እሷም እየሳቀች እርምጃዋን አፈጠነች።

ዛፎቹ ድንገት አለቁ። መንገዱ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱን በአግድሙ ያቋርጣል፤ ነፋስ የወለወለው በረዶ ከዳር እስከ ዳር ያብረቀርቃል። ማዶ፣ ከአለቱ ሥር፣ የማረፊያው ጭስ በነፋሱ እየተጋደመ ይወጣል።

ቲቦር ወደ በረዶው ገባ። የሰንሰለቱ ጥርሶች በረዶውን ጫር ጫር አደረጉት እንጂ አልነከሱትም። ሁለት እርምጃ ሳይሄድ እግሩ ከዳውና ተንሸራተተ፤ ከበረዶው ብቅ ያለች አጭር ጥድ ጨብጦ ቆመ። ከሥሩ ገደል ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ቢሆንም ሳቀ።

«ምንም አይደል። ሃያ ደቂቃ ብትሆን ነው! ፈራሽ እንዴ?»

ያኔ የማረፊያው በር ተከፈተ። አንድ ሰው ወጥቶ እንጨት ማንሳት ጀመረ።

«አባባ!» ብላ ጮኸች ዞራ። ነፋሱ ድምፅዋን ወደ ጫካው መለሰው። ሰውዬው ቀና አላለም። አንድ እቅፍ እንጨት አስገባ፤ ተመልሶ ሌላ ወሰደ። ዞራ ትንፋሿን ይዛ አየችው። አንዴ ዞር ቢል! በሩ ተዘጋ።

ዞራ አንድ እጇን ከመጨረሻው ዛፍ ግንድ ላይ ጠምጥማ፣ ሌላውን ወደ ቲቦር ዘረጋች። «ያዘኝ። ቀስ በል።»

ቲቦር እየዳኸ ወጣ።

«አባትሽ ነው ግን?» አላት፣ አሁን ሳይቀልድ።

«እንጃ፤ ሩቅ ነው።» ዞራ የተዘጋውን በር አየች። «አረማመዱ ግን የሱ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ደርሰን...»

«አዎ፣ እዚህ ደርሰን እንመለሳለን» አለችና ፊቷን ወደ ጫካው አዞረች። እንባዋን በጓንቷ ጠረገች፤ ከዚያ ተረከዟን አጥብቃ እየረገጠች ቁልቁል መውረድ ጀመረች።