«ነገ ስላቫ ነው!»

ዮቫና ትናንት ለኤፍራታ የነገረቻት ይህን ብቻ ነበር።

«ግቢ እንጂ! ዳቦው ይቀዘቅዛል» አለች እናቷ በመኪናው መስኮት።

ኤፍራታ በፎይል የተጠቀለለውን ድፎ ዳቦ ታቅፋ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆማለች። ቀይ በር ያለው ቤት ከፊቷ ነው።

«አንቺ ሂጂ እማዬ፤ ይረፍድብሻል።»

«ስትገቢ ልይሽና።»

«ማም፣ ፕሊስ! ሕፃን አይደለሁም እኮ።»

እናቷ ሳቀች። «እሺ በቃ። ግን ቴክስት አድርጊልኝ። ምን እንዳቀረቡላችሁ ሁሉንም ንገሪኝ። እናትየዋንም እንኳን አደረሳችሁ በይልኝ።»

መኪናዋ ዱላስ አየር ማረፊያ ወዳለው ሥራዋ ልትሄድ ታጠፈች። ኤፍራታ እስክትሰወር ጠበቀች። ከዚያ ወደ ቀዩ በር ሳይሆን መንገዱን ተሻግራ ወደ ባስ ፌርማታው ሄደችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ዳቦው ጭኗን ያሞቃል። እንዴት ትግባ? ማንም አልጠራትም።

ነገሩ የጀመረው በጂኦግራፊ ክፍል ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ፣ ብዙ ገንዘብ ለሌለው መንገደኛ የአንድ አገር የምግብ መመሪያ እንዲያዘጋጁ አዘዘ። ለኤፍራታ የደረሰቻት ዮቫና ናት፤ ወላጆቿ ከሰርቢያ የመጡ ልጅ። ስለዚህ ሰርቢያን መረጡ። ኤፍራታ በበጋው ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ከተዛወሩ ወዲህ በትምህርት ቤት ውስጥ በስሟ የጠራቻት የመጀመሪያዋ ልጅ ዮቫና ነበረች። እስከዚያ ቀን ድረስ ምሳዋን የምትበላው ላይብረሪ ውስጥ ተደብቃ ነበር።

«መንገደኛው ጠዋት ዳቦ ቤት ይግባ» ትላለች ዮቫና፤ ኤፍራታ ትጽፋለች። «ቡሬክ ከእርጎ ጋር። በስስ ሊጥ የተጠቀለለ አይብ ወይም ሥጋ ነው። እስከ ማታ አይርበውም።»

«ምሳስ?»

«ቼቫፒ። ጣት ጣት የሚያክል የተጠበሰ ሥጋ፣ ዳቦ ውስጥ ከሽንኩርት ጋር። ግን ቱሪስት የሚርመሰመስበት መንገድ ላይ እንዳይገዛ! ገባ ብሎ፣ የቀን ሠራተኞች የተሰለፉበት ጋ ይሂድ። ወይም የባቄላ ወጥ የሚሸጡ ትንንሽ ቤቶች አሉ። ዳቦ እየነከረ ይብላ።»

«ጭራሽ ገንዘብ ከሌለውስ?»

ዮቫና ሳቀች። «እንግዲያው የስላቫ ቀን ይድረስ።» ስላቫ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአባት ከአያት የወረሰውን ቅዱስ የሚያከብርበት ቀን እንደሆነ አስረዳቻት። «የእኛ ሚካኤል ነው። ዓርብ ቤታችን ስላቫ አለ።»

ኤፍራታ እርሳሷን አቆመች። ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ነው። «እኛም እኮ!» ልትል አፏ ድረስ መጣ። ግን መጀመሪያ ቀጣዩን ቃል መስማት ፈለገች፤ «ነይ» የሚለውን። ዮቫና ካርታውን መቀባት ቀጠለች።

ሳምንቱን ሙሉ ጠበቀች። ሐሙስ ዮቫና የትምህርት ቤቱ ባስ ደረጃ ላይ ቆማ «ነገ ስላቫ ነው!» አለቻት። ኤፍራታ «ኦኬ» አለች። ሌላ ምን ትበል? መንገር መጥራት አይደለም። ሳይጠሩ ሰው ቤት መሄድ ነውር መሆኑን እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ነግራታለች።

ችግሩ ሌላ ነው። ሰኞ ማታ እናቷ እንደ ሁልጊዜው «ዛሬስ ከማን ጋር በላሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ይህን ስትጠይቅ ፊቷ ላይ የምታየውን ፍርሃት ኤፍራታ አትወደውም። ስለዚህ «ከዮቫና ጋር። ዓርብ ቤታቸው ጠርታኛለች። ሚካኤልን ያከብራሉ» አለች።

እናቷ ሳህኑን እንደያዘች ዞረች። «የእኛን ሚካኤል? በዚሁ ቀን? ውይ፣ ምን ዓይነት ልጅ ሰጠሽ!»

በማግስቱ ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉር ነበር። እዚህ ከመጡ ወዲህ አንጎራጉራ አታውቅም። ልታደርሳት ብላ ሺፍቷን ቀየረች። የጾም ቀን ስለሆነ ወተት የሌለበት ዳቦ ጋገረች።

አሁን ከመንገዱ ማዶ በመስኮቱ ውስጥ ሰዎች ይታያሉ። አንዱ ብርጭቆ ያነሳል፣ ሌላው ይስቃል። ኤፍራታ ስልኳን አወጣች። ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው ለጓደኛዋ ለያኔት የላከችው መልእክት መልስ ካጣ ሰነባብቷል። ወደ እናቷ ገጽ ሄዳ «ምግቡ በጣም ይጣፍጣል» ብላ ጻፈች። ጣቷ መላኪያው ላይ ቆመ። ይህንን ብትልክ፣ ዳቦውንስ ምን ታደርገዋለች? መጣያው አጠገቧ ነው። አላየውም ብላ ፊቷን አዞረች።

ባስ መጣ። ከዘራ የያዙ አሮጊት ወረዱ፤ በሌላው እጃቸው በፎጣ የተጠቀለለ ድስት አንጠልጥለዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ክንድሽ ጠንካራ ነው?» አሉ ቅላጼው ወፈር ባለ እንግሊዝኛ። «ይህን ያዢልኝ። ከወደቀ አብሬው ነው የምወድቀው። ሳርማ ነው፤ ሩዝና ለውዝ በጥቅል ጎመን። ሥጋ የለውም፣ ዓርብ ነው።»

«ዳቦውም የጾም ነው» አለች ኤፍራታ ሳታስበው። ድስቱን ተቀብላ ዳቦውን ሰጠቻቸው።

«ታዲያ የጾም ዳቦ ይዘሽ ፌርማታ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? እኔ ወደዚያ ቀይ በር ነኝ።»

ኤፍራታ ፊቷ ጋለ። «ዮቫና የክፍሌ ልጅ ናት። ግን... አልጠራችኝም።»

«ስላቫ እንዳለ አልነገረችሽም?»

«ነግራኛለች። ሁለት ጊዜ።»

«ሁለት ጊዜ!» አሮጊቷ ከዘራቸውን መሬት መቱ። «እኔን ማንም አልነገረኝም፤ ቀኑን አውቄ ነው የመጣሁት። ልጄ፣ ለስላቫ ሰው አይጠራም። አንዱን ከጠራሽ ሌላውን አትምጣ ማለት ነው። ቀኑን ትናገሪያለሽ፣ በሩን ትከፍቻለሽ፣ ከዚያ ማን እንደሚመጣ ቁጭ ብለሽ ታያለሽ።»

ኤፍራታ ወደ ቀዩ በር ተመለከተች። ሐሙስ ዕለት ዮቫና «ነገ ስላቫ ነው» ካለች በኋላ ባሱ ደረጃ ላይ ትንሽ ቆማ ነበር። ሹፌሩ እስኪጮህባት ድረስ። ኤፍራታ ያኔ ለምን እንደቆመች አልገባትም። ደግሞም ዮቫና ካፌቴሪያ ውስጥ ከራሷ ከኤፍራታ በቀር ከማን ጋር ስትበላ አይታት ታውቃለች? ከማንም።

መንገዱን ቀስ ብለው ተሻገሩ። ከደረጃው ሥር አሮጊቷ ሊያርፉ ቆሙ። «ጉልበቴ!» አሉ። «ደቂቃ ስጪኝ።»

ኤፍራታ ድስቱን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ስልኳን አወጣች። «ምግቡ በጣም ይጣፍጣል» የሚለው እንዳለ ነው፣ አልተላከም። ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ አጠፋችው። ከዚያ ጻፈች፦

«እማዬ፣ ገና አልገባሁም። ጠርታኛለች ያልኩሽ ውሸት ነበር። ማታ ሁሉንም እነግርሻለሁ። አሁን ግን ልገባ ነው።»

አንድ ጊዜ አንብባ ላከችው። መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን ኪሷ ከተተች፣ ድስቱንም አነሳች።

«እንሂድ?» አሉ አሮጊቷ።

ሁለቱም እጆቿ ስለተያዙ በሩን በክርኗ አንኳኳች።